የቡርዲዩን ንድፈ ሐሳብ በሐዋሳ ጥናቶች ላይ ስናውል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ፒየር ቡርዲዩ (1930–2002 እ.ኤ.አ.) በድኅረ ምረቃ ጥናቶቻችን ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ ከሚነሣ ምሁራን አንዱ ነው። በሐዋሳ ስለ ትምህርት ቤቶች፣ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች፣ ስለ እድርና ስለ እቁብ የሚጻፉ የጥናት ፕሮፖዛሎችንና የመመረቂያ ጽሑፎችን ሳነብ፣ ሀቢተስ (በአስተዳደግ የሚቀረጽ የማሰብና የማድረግ ዝንባሌ)፣ መስክ (የራሱ ሕግ ያለው የፉክክር መድረክ፣ ለምሳሌ ትምህርት) እና ካፒታል (ገንዘብ ብቻ ሳይሆን እውቀትንና ግንኙነትን ጨምሮ ጥቅም የሚያስገኝ ሀብት) የተባሉት ሦስቱ ጽንሰ ሐሳቦች በሁለተኛው ምዕራፍ በሰፊው ተብራርተው አገኛቸዋለሁ፤ መረጃው ወደሚተነተንበት አራተኛው ምዕራፍ ስሻገር ግን ወይ ጨርሶ የሉም፣ ወይ አስቀድሞ በተገኘ ውጤት ላይ ተለጥፈዋል። ቡርዲዩ እነዚህን ጽንሰ ሐሳቦች መቅረጽ የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ በአልጄሪያ፣ በጦርነት መካከል፣ ገበሬዎችንና የከተማ ሠራተኞችን እያነጋገረ ነበር። ለሥራ የተሠሩ መሣሪያዎች ናቸውና ለጌጥ ሲቀመጡ ያሳዝነኛል።

ከስህተቶቹ ሁሉ ቀዳሚው፣ የሌሎቹም ምንጭ የሆነው፣ ንድፈ ሐሳቡ ለመረጃው ምንም ጥያቄ ሳያቀርብ ማለፉ ነው። ለማማክራቸው ተማሪዎች የማቀርበው መፈተኛ አጭር ነው፤ መረጃው ምን ሆኖ ቢገኝ ነው የቡርዲዩ ማብራሪያ ለዚህ ጉዳይ አይሠራም የምንለው? ለምሳሌ ወላጆቻቸው በተማሩና ባልተማሩ ልጆች መካከል የሚታየው የውጤት ልዩነት፣ ገቢያቸው ተቀራራቢ የሆኑ ቤተሰቦች ብቻ ሲነጻጸሩ ጨርሶ የሚጠፋ ከሆነ፣ ባህላዊ ካፒታል (ከቤተሰብ የሚወረስ እውቀት፣ አነጋገርና ልማድ) የሚለው ማብራሪያ ይዳከማል። ይህን ከመጠይቁ በፊት ያሰበ ተማሪ የቤተሰብ ገቢን መጠየቅ አይረሳም፤ ያላሰበ ግን መረጃውን ሰብስቦ ከተመለሰ በኋላ የሚያነጻጽርበት ነገር ያጣል።

በጣም የተለመደውና እኔም ረዘም አድርጌ ላየው የምፈልገው ስህተት የፈረንሳይን መለኪያ እንዳለ ወደ እኛ ከተማ ማምጣት ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ስለ ምርጫና ስለ መደብ ልዩነት የሚያትተው ዝነኛ ሥራው በ1963 እና በ1967–68 እ.ኤ.አ. ከ1,217 ሰዎች በተሰበሰበ መጠይቅ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ መጠይቁ ስለ ሥዕል፣ ስለ ክላሲካል ሙዚቃ፣ ስለ ቤት ዕቃና ስለ ምግብ ይጠይቅ ነበር። እነዚህ ነገሮች መለኪያ የሆኑት በዚያ ዘመን በነበረችው ፈረንሳይ ትምህርት ቤቱም ሹመቱም ዋጋ ይሰጣቸው ስለነበር ነው። «ሙዚየም በዓመት ስንት ጊዜ ይጎበኛሉ?» የሚለው ጥያቄ በታቦርም ሆነ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ወላጅ ሲቀርብ ከሀብታሙም ከድሃውም «ሄጄ አላውቅም» የሚል መልስ የሚያመጣ ከሆነ፣ ተመራማሪው ማንንም ከማንም አይለይበትም። ከዚያ ተነሥቶ «ባህላዊ ካፒታል በሐዋሳ ተጽዕኖ የለውም» ብሎ መደምደም ደግሞ ስህተቱን እጥፍ ያደርገዋል።

መጠየቅ ያለበት እዚህ ከተማ ውስጥ በሮችን የሚከፍተው እውቀትና አነጋገር የትኛው እንደሆነ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ሥርዓት፣ ከመዋዕለ ሕፃናት አንሥቶ እንግሊዝኛ የሰማ ልጅ ይዞት የሚገባው ነገር በገንዘብ ብቻ የሚመዘን አይደለም። አሜሪካዊቷ አኔት ላሮ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ያሳየችው፣ ወላጆች ከተቋማት ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ ራሱ ለልጆች የሚተላለፍ ሀብት መሆኑን፣ እኛም ጋ በወላጆች ቀን በዓይን ማየት ይቻላል። አንዷ እናት የልጇን የፈተና ወረቀት ይዛ በቀጥታ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ትገባለች፤ ተቀምጣ የሦስተኛውን ጥያቄ እርማት ትጠይቃለች፤ ልጇም አጠገቧ ቆሞ ይሰማል። ሌላዋ ነጠላዋን አስተካክላ ኮሪደሩ ላይ ትቆማለች፤ መምህሩ ሲወጣ «አደራ፣ ልጅዎ ነው፣ ይቅጡት» ብላ ትመለሳለች። ሁለተኛዋ ለልጇ ያላት ፍቅርና ተስፋ በምንም አያንስም፤ ትምህርት ቤቱ የሚመልሰው ግን ለመጀመሪያይቱ ነው። እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚይዝ መጠይቅ ወይም ምልከታ ማዘጋጀት አድካሚ ነው፤ ግን የሚያዋጣው እርሱ ነው።

ዋጋው ደግሞ ለዘላለም አንድ ሆኖ አይቆይም። ሐዋሳ የደቡብ ክልል መቀመጫ ሳለች የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነበር፤ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከሆነ ወዲህ ሲዳምኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። የአንድ ሥራ ፈላጊ የቋንቋ ችሎታ ሳይለወጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያለው ዋጋ ተለወጠ ማለት ነው። የትምህርት ማስረጃም እንዲሁ ነው፦ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተቀምጠው በወሰዱት ጊዜ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊትና በኋላ የተገኙ ውጤቶችን በአንድ መደብ የሚያስገባ ጥናት የመስኩ ሕግ መቀየሩን ሳያይ ያልፋል።

ካፒታልን ሁሉ ደምሮ አንድ ነጥብ ማድረግም መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ቡርዲዩ የሚለው ሰዎች የሚለዩት በጠቅላላ መጠኑ ብቻ ሳይሆን በስብጥሩም ጭምር እንደሆነ ነው። ሁለት ዲግሪ ያለው የሁለተኛ ደረጃ መምህርና በፒያሳ አካባቢ ሱቅ ያለው ነጋዴ ተደምረው እኩል ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ልጆቻቸውን የሚልኩበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ድምሩ ጥናቱ ሊያገኘው የመጣውን ነገር ይሰውራል።

በማኅበራዊ ካፒታል ረገድ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ሳይለዩ ይቀላቀላሉ። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ሮበርት ፑትናም የሚናገረው ስለ መተማመንና ስለ ሕዝባዊ ተሳትፎ፣ ማኅበረሰቡ በጋራ ስለሚጠቀምበት ነገር ነው። ለቡርዲዩ ግን ማኅበራዊ ካፒታል የእኩልነት ማጣት አንዱ መንገድ ነው፤ መጠኑም አንድ ሰው ሊያንቀሳቅሰው በሚችለው የግንኙነት ስፋትና እነዚያ ሰዎች ባላቸው ሀብት ይወሰናል። «የስንት እድር አባል ነዎት?» ብሎ ቆጥሮ ውጤቱን በቡርዲዩ መተንተን ስለዚህ አያስኬድም። እድርተኞች ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ይተክላሉ፣ ያስተዛዝናሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የቡርዲዩ ጥያቄ ግን ልጅዎ ሥራ ሲፈልግ ከእድርተኞቹ ለማን ይደውላሉ፣ የሚደወልለትስ ሰው የት ይሠራል የሚል ነው። ሁለት ሰዎች የአንድ እድር አባል ሆነው ለዚህ የሚሰጡት መልስ ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል።

ሀቢተስ ላይ የሚሠራው ስህተት ዞሮ መግጠም ነው። ወጣቷ ከፋብሪካ ሥራዋ ለምን ለቀቀች? የገጠር ሀቢተስ ስላላት። ሀቢተሷ የገጠር መሆኑን በምን አወቅን? ሥራውን በመልቀቋ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ይሠራሉ፤ ብዙዎቹም ቶሎ ይለቃሉ። ቡርዲዩ በአልጄሪያ ያጠናው፣ በእርሻ ሥራ የተቀረጸ የጊዜ ስሜት ከደመወዝተኛ ሕይወት ጋር ሲጋጭ የሚሆነው፣ ለዚህ ጉዳይ በእርግጥ ይጠቅማል። ነገር ግን ሀቢተሱ ከመልቀቋ ውጭ በሆነ መረጃ መታወቅ አለበት፤ ከአስተዳደጓ፣ ቤት ውስጥ ሥራ እንዴት ይከፋፈል እንደነበር፣ የመጀመሪያ ደመወዟን ምን ላይ እንዳዋለችው። ቀላሉም ማብራሪያ አስቀድሞ መፈተሽ አለበት፦ በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ የቤት ኪራይና ምግብ ከተከፈለ በኋላ ከደመወዟ ምንም ካልተረፈ፣ የለቀቀችው ሒሳብ ሠርታ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይመረምሩ ወደ ሀቢተስ መሮጥ ሠራተኛይቱን ማሳነስ ነው፤ ይህም በጣም ያሳስበኛል።

በመጨረሻ፣ ተመራማሪው ስለ ራሱ ቦታ በሦስተኛው ምዕራፍ አንድ አንቀጽ ጽፎ ጉዳዩ የተዘጋ ይመስለዋል። የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ያንጠለጠለና ቅጽ የያዘ ሰው ፊት መልስ ሰጪዎች ትክክል ነው ብለው የሚገምቱትን ይናገራሉ። ይህ የሚታየው በትንተናው ውስጥ ነው፦ በፋብሪካው ግቢ የተደረጉትን ቃለ መጠይቆች በተከራዩት ክፍል፣ ቡና እየተፈላ ከተደረጉት ለይቶ ማስቀመጥ፣ ስለ አለቃና ስለ ደመወዝ የተነገረው በሁለቱ ቦታዎች ይለያይ እንደሆነ ማነጻጸር፣ የሚለያይ ከሆነም ልዩነቱን ከግኝቶቹ እንደ አንዱ አድርጎ በአራተኛው ምዕራፍ መጻፍ ያስፈልጋል።