ድሬ ላይ የመጻፊያ ቦታ ስትፈልጉ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ስለ መጻፊያ ቦታ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ብርድ ካለበት አገር የመጣ ነው። «ጠረጴዛህን መስኮት ዳር አድርግ፣ ፀሐይ ይግባልህ፣ በርህን ዝጋ» ይላል። ይህን ሰምቶ ግንቦት ላይ ድሬዳዋ መስኮት ዳር የተቀመጠ ሰው አንድ አንቀጽ ሳይጨርስ ሸሚዙን ያወልቃል። እኛ ጋ «የት ልቀመጥ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። «በስንት ሰዓት?» የሚል ይጨመርበት። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህችን ሰዓት ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

አንድ ክፍል መርጦ ቀኑን ሙሉ እዚያ መዋል

ዋናው ይሄ ነውና ትንሽ ልቆይበት።

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ቢገባ የሚደነቅ የለም። ብዙ ቤቶቻችን ደግሞ ብሎኬት ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ናቸው። ቆርቆሮው ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ ይግላል። ኮርኒስ ከሌለው ሙቀቱ በቀጥታ አናት ላይ ይወርዳል። ብሎኬቱ ግን ቀስ ይላል። ቀን ሲጠጣ የዋለውን ሙቀት የሚመልሰው ማታ ነው። ለዚህ ነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ግቢው ነፋሻ ሆኖ ሳለ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ የሚያቅተው። በሙቀት ወራት ሰዉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ የሚተኛውም ወዶ አይደለም።

ስለዚህ ጠዋት ቤት ውስጥ፣ ማታ ውጭ ጻፉ። ጠዋት ላይ ግድግዳው ሌሊቱን ስለቀዘቀዘ ቤቱ ይሻላል። ከክፍሎቹ ደግሞ በምዕራብ በኩል ያለውን ምረጡ፤ ፀሐይ ገና አልነካውም። ያው ክፍል ከ8 ሰዓት በኋላ ምድጃ ነው፤ ውጡለት። በዚያን ሰዓት ጥላው የሚያርፈው በምሥራቅ በኩል ባለው በረንዳ ላይ ነው። ጠረጴዛችሁ ቀላልና ተንቀሳቃሽ ይሁን የምለው ለዚህ ነው። ሁለት ሰው ካልተሸከመው የማይነቃነቅ የእንጨት ጠረጴዛ ለድሬ አይሆንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ከሱብሂ አዛን እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። አዛኑ ይቀሰቅሳችኋል፣ ባጃጆቹ ገና አልበዙም፣ አየሩም ልብ ይገዛል። ስለ ድምፅ የሚያማርሩ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ሰዓቱ የታወቀ ድምፅ አይረብሽም ባይ ነኝ። አዛንና ቅዳሴ መቼ እንደሚጀምሩ ይታወቃል፤ ጆሮ ይለምዳቸዋል። የሚያናድደው ድንገት የሚነሳው የሠርግ ሙዚቃና የጎረቤት ጄኔሬተር ነው።

ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ አትታገሉ። ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰዉ ሽርጡን ታጥቆ ሲጋደም እናንተ ብቻ ላብ እያንጠባጠባችሁ ዓረፍተ ነገር አታምጡ። ተኙ። እንቅልፍ እምቢ ካለ አንብቡ።

ባቡሩን ተከትሎ በተሠራው በከዚራ ሰፈር ዘመድ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ሲደርስ መስመሩን የዘረጉት ፈረንሳዮች የጅቡቲን በረሃ አቋርጠው ነው የመጡት፤ ሙቀት ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል። የዚያን ዘመን ቤቶች ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው። እንደዚያ ያለ በረንዳ ያላት አክስት ያለችው ሰው ስኳርና ቡና ይዞ ቢመላለስ አያፍርም።

በርጫ ላይ ለመጻፍ መሞከር

እዚህ ላይ የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ። «አቦ፣ ምርቃና ላይ እኮ ሐሳብ ይጎርፋል!» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ይጎርፋል፤ አልክድም። ችግሩ የሚጎርፈው ወሬ መሆኑ ነው። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ያነቃቃል፣ አፍ ይፈታል፣ ሰውን በራሱ ያስተማምናል። ጽሑፍ ግን የሚያስፈልገው የገዛ ራሱን መስመር የሚጠራጠር ዓይን ነው። ከሰዓት በኋላ ወርቅ የመሰለው ገጽ በማግስቱ ጠዋት ሲነበብ ሁሉም መግቢያ ሆኖ ይገኛል። ታሪኩ ገና አልተጀመረም።

ሌላው ኪሳራ ሌሊት ይመጣል። እንቅልፍ ይሸሻል። እንቅልፍ ከሸሸ ደግሞ ያ ምርጡ የሱብሂ ሰዓት ሄደ ማለት ነው።

አቀማመጡም ለጽሑፍ አይሆንም። ፍራሽ ላይ በክርን ተደግፎ መጫወት ይመቻል። በዚያው አቀማመጥ ኪቦርድ መምታት ግን አንገትንና የእጅ አንጓን ይጎዳል። የምትሄዱ ከሆነ ትንሽ ደብተር ብቻ ያዙ። ድሬ ላይ ጥሩ ምልልስ የሚገኘው እዚያ ነው። አንዱ ኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል፣ ሌላው በሶማሊኛ ይቀልዳል፣ ሁለቱ በማይረባ ነገር ይከራከራሉ። የሰማችሁትን እዚያው ጫር ጫር አድርጋችሁ ጠዋት ሥሩበት።

ሙቀቱ ላፕቶፕን አይነካም ብሎ ማሰብ

ብዙ አምራቾች ላፕቶፕ የሚሠራበት አካባቢ ከ35 ዲግሪ እንዳያልፍ ይመክራሉ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ይህን በቀላሉ ያልፋል። ማሽኑ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ባትሪውም ቶሎ ያረጃል። ፍራሽ ወይም ትራስ ላይ ስታስቀምጡት ደግሞ የአየር ማስገቢያው ይደፈናል። ጠንካራ ነገር ላይ አድርጉት። ከኋላው በኩል በሁለት የለስላሳ ቆርኪ ከፍ ብታደርጉት አየር ያገኛል።

ቬንትሌተር ያለው ሰው መስኮቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይስቀል። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ጨርቁ ከማሽኑና ከሶኬቱ ራቅ ይበል እንጂ። መብራት መሄዱ አይቀርም፤ ማታ ቻርጅ ማድረግን ልማድ አድርጉ። ደብተርና እስክሪብቶም አጠገባችሁ ይሁን። መብራት እስኪመጣ ተብሎ የተቀመጠ ሥራ መብራቱ ሲመጣም አይነሳም።

ጥላ አገኘሁ ብሎ በርሜል ጎን መቀመጥ

የዛፍ ጥላና የቆርቆሮ ጥላ አንድ አይደሉም። ቆርቆሮው ራሱ ግሎ ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል። ቅጠል ግን ውሃ ስለሚያተን ከሥሩ ቀዝቀዝ ይላል። ያ አበባው ቀይ የሆነው፣ ሌላው አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው፣ ያምራል፤ ነገር ግን በደረቁ ወራት ቅጠሉን ያራግፍና ጥላ ይነፍጋችኋል። ኒም የበለጠ ይታመናል።

ከመቀመጣችሁ በፊት ግን ዙሪያውን ቃኙ። ውሃ ስለሚጠፋ በየግቢው በርሜልና ጀሪካን አለ፤ የሚቀመጠውም ጥላ ውስጥ ነው። ዴንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ሌሊትን አትጠብቅም። ቀን ትነክሳለች፤ በተለይ ማለዳና ወደ ማመሻሹ፤ ማለትም ልክ እኛ ለመጻፍ በምንቀመጥበት ሰዓት። ድሬ ሁለቱንም በሽታ አይታለች። ዴንጊ በ2013፣ ቺኩንጉንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ገብተው ብዙ ሰው አልጋ ላይ ጥለዋል። ቺኩንጉንያ ደግሞ የሚታወቀው በመገጣጠሚያ ሕመሙ ነው። ጣትና አንጓ ይይዛል፣ አንዳንዱን ሰው ለወራት አይለቀውም። ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የባሰ ምን አለ?

በርሜሉን በደንብ ክደኑ። ዝናብ የሚያቁር አሮጌ ጎማ ካለ ከግቢ ይውጣ። ማለዳም ሆነ ወደ ማመሻሹ ውጭ ስትቀመጡ ሽርጡ ይቅርና ረጅም ሱሪና ካልሲ አድርጉ። ቬንትሌተሩን ወደ እግራችሁ ማዞርም ይረዳል፤ ትንኝ ነፋስ አትወድም።

በር ዘግቶ መጥፋት

እኛ ሰፈር ቀን በር አይዘጋም። ያለው መጋረጃ ነው። በሩ ከተዘጋ ወይ የታመመ አለ፣ ወይ የተጣላ አለ። ስለዚህ ለመጻፍ ብላችሁ በር ስትዘጉ ጎረቤት ሊጠይቅ ይመጣል። «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» እያሉ በፔርሙስ ሆጃ ይዘው የመጡትን እናት «አይ፣ እየጻፍኩ ነው» ብሎ መመለስ አይቻልም። ሲኒ ይቀርባል፣ ጨዋታ ይመጣል፣ ጠዋቱ ያልቃል። ጥፋቱም የእሳቸው አይደለም። ደግ ሰው ናቸው፤ ማንም አልነገራቸውም።

ቀድማችሁ ተናገሩ። ስትናገሩ ምክንያቱን ከምታብራሩ ሰዓቱን ንገሩ። «ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው» ብትሉ እንደ ሥራ አይቆጠርም። «ለማን ነው? ስንት ይከፍሉሻል?» ይመጣል። «እስከ 3 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፤ ከዚያ ለቡና እመጣለሁ» ስትሉ ግን ሰው ይገባዋል። ከዚያ በ3 ሰዓት የምር ሂዱ። አንድ ቀን ከቀራችሁ በማግስቱ በ2 ሰዓት መጋረጃው ይገለጣል።

ቤት ውስጥ ሰው ከበዛና የተለየ ክፍል ከሌለ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ ጥግ ያዙ። ሁልጊዜ ያው ጥግ ይሁን። ልጆች ቦታውን ይለምዱታል፤ «እማዬ እዚያ ስትሆን አትጠራም» የሚለውን ከምትገምቱት በላይ ቶሎ ይይዙታል። ለአባት ሲሆን ለምን ቶሎ እንደሚገባቸው፣ ለእናት ሲሆን ለምን እንደሚቆይ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

ካፌን በዋይፋይ መምረጥ

ለመጻፍ ዋይፋይ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጠላት ነው። ጥላ፣ ጀርባ የሚደግፍ ወንበርና የማይቸኩል አስተናጋጅ ይበቃል። ጠረጴዛው ክርናችሁ በሚታጠፍበት ከፍታ ይሁን። ብርሃን ከጎን እንጂ ከስክሪኑ ጀርባ አይምጣ። ቴሌቪዥን ያለበትን ቤት ቅዳሜና እሑድ እርሱት፤ ኳስ አለ። የጀበና ቡና ዱካ ማስታወሻ ለመያዝ ይሆናል፤ ጉልበት ከወገብ በላይ ስለሚወጣ ላፕቶፕ ይዞ መዋያ ግን አይደለም።

አንድ ማኪያቶ አዝዞ አራት ሰው የሚይዝ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ቀን መዋል ደግሞ ነውር ነው። ትንሿን ጠረጴዛ ያዙ፣ ሒሳቡን ወዲያው ክፈሉ፣ ለቁርስ ፈጢራ የሚፈልገው ሰው ሲበዛ ተነሱ። ያን ያደረገ ደንበኛ በማግስቱ ወንበሩ ተይዞ ይጠብቀዋል።

«ሐረር ስሄድ እጽፋለሁ» ማለት

የድሬ ጸሐፊ የተለመደ ሰበብ ይሄ ነው። ሐረር በመኪና 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል አየሯ ሌላ ነው። ባቡሩ ራሱ ያን ተራራ መውጣት ከብዶት እኮ ነው ሜዳው ላይ የቀረው፤ ድሬም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። የጀጎል ጠባብ መንገዶች፣ ደረጃ በደረጃ ነደባ (መደብ) ያለው የሐረሪ ቤት፣ ቀዝቃዛው ምሽት፣ ሁሉም ለጸሐፊ የተዘጋጀ ይመስላል።

ግን አርተር ራምቦን አስቡት። በወጣትነቱ ፈረንሳይ ውስጥ ግጥም ሲጽፍ የነበረ ሰው ነው። በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሐረር ገባ፤ እየወጣ እየተመለሰ እስከ 1891 ቆየ። ያን ሁሉ ጊዜ የጻፈው በአብዛኛው ደብዳቤ፣ የንግድ ሒሳብና እንደ ኦጋዴኑ ያለ ዘገባ ነው። ግጥሙን ቀድሞ ትቶት ነበርና የሐረር አየር አልመለሰለትም።

ሐረር ለመጀመር ሳይሆን ለማረም ትጠቅማለች። ረቂቁን ድሬ ጨርሱ፣ አትሙት፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ውጡ። እዚያ ከሰዓት በኋላም ቁጭ ብሎ መሥራት ይቻላል፤ ድሬ የማትሰጣችሁ ሰዓት እሱ ነው። ማረፊያ ስትይዙ ከሸዋ በር ገበያ ራቅ በሉ፤ ጫጫታው ማለዳ ይጀምራል። ማታ ይበርዳል፣ ሹራብ ያዙ።