ግራፍቱ ተበተነ፣ ጄሉ ተወቀሰ

ለገጣፎ ባለችው ክሊኒካችን በብዛት የምንሰማው ቅሬታ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ አፌ ውስጥ አሸዋ አለ።» ጥርሱ ተነቅሎ ጉድጓዱ በአጥንት ግራፍት፣ ማለትም አጥንት እንዲበቅልበት በሚጨመር ብናኝ፣ የተሞላለት ሰው ነው። አንዳንዱ ብናኙን በሶፍት ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል። የሠራለት ሐኪም ሲጠየቅ ጣቱን ብናኙ ወደተለወሰበት ጄል ይቀስራል፦ «ሃያሉሮኒክ አሲዱ ፎርጅድ ነው።» ፎርጅድ አይጠፋም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ጄሉ በሰው ጥፋት ነው የሚወቀሰው።

ሃያሉሮኒክ አሲድ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የሚታወቅ፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው የስኳር ሰንሰለት ነው። ውሃ ይይዛል፣ ብናኙን ያያይዛል፣ ቁስሉ እንዲያገግም ያግዛል። ክፍተት ይዞ መቆየት ግን አይችልም። ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው ያልተጠናከሩት ዓይነት በቀናት ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ በኋላ ግራፍቱን የሚጠብቀው ድዱ ነው።

ብናኝ ሲወጣ

ባልደረቦቼ ሐኪሞች፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ፍሬ ቢወጣ አትደንግጡ። በየቀኑ ከወጣ ስፌቱን እዩ።

ዋናው ምክንያት ተጎትቶ የተሰፋ ድድ ነው። ሰፍታችሁ ስትጨርሱ ከንፈሩን ወይም ጉንጩን ሳብ አድርጉት። የድዱ ጠርዝ ነጣ ካለ ደም በደንብ እየደረሰው አይደለም፤ ይከፈታል። ክሩን የበለጠ ማጥበቅ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ፍቱት! ከሥር ያለውን የአጥንት ሽፋን፣ ፔሪኦስቲየሙን፣ በስሱ ቁረጡና ድዱ ሳይጎተት ማዶ እስኪደርስ አላሉት። የታችኛው መንጋጋ ፕሪሞላሮች (ከውሻ ክራንቻው ቀጥሎ ያሉት ጥርሶች) አጠገብ ግን ነርቭ ይወጣል። እዚያ ምላጭ የያዘ እጅ አይቸኩል። ከንፈሩ ደንዝዞ የቀረ ሰው ብናኝ ከጠፋበት ሰው የባሰ ነው።

ሁለተኛው ድብልቁ ነው። «ሲሪንጁ ተከፍሎበታል» ብለው ሙሉውን የሚያፈሱ አሉ። ድብልቁ እንደ ጭኮ ተያይዞ መነሳት አለበት፤ አጥሚት ከሆነ ደም ሲነካው ይንሸራተታል። ጄሉን ጠብታ በጠብታ ጨምሩ። የተረፈው ይጣል። ለሚቀጥለው ታካሚ ብሎ ክዳን የሚገጥም ሰው አይቻለሁ፤ ይህን የሚያደርግ መርፌም መልሶ ይወጋል!

ሦስተኛው ታካሚው ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር በማግስቱ ጫቱን በተሰፋው ጉንጭ በኩል ወትፎ መጣ። «በዚያኛው በኩል አይመቸኝም» አለ። አንዲት እናት ደግሞ ጎረቤት መክረዋቸው በአረቄ ሲጉመጠመጡ ሰነበቱ፤ ስፌቱ ሙሉ ለሙሉ ለቆ ነበር። በሞቀ የጨው ውሃ ገና በዕለቱ አጥብቆ መጉመጥመጥ ደግሞ የሁሉም ልማድ ነው። ስለዚህ «ተጠንቀቁ» ብላችሁ አትሸኙ። ለ24 ሰዓት መጉመጥመጥም መትፋትም የለም በሉ፤ ከዚያ በኋላ ውሃውን አፍ ውስጥ ይዞ ቀስ ብሎ ማፍሰስ። ጫት፣ ሲጋራ፣ አረቄ፣ ቅርንፉድ እያላችሁ አንድ በአንድ ጥሩ። ያልጠራችሁትን ያደርጉታል።

ከተከፈተ? ያበጠ ድድ ላይ መልሳችሁ አትስፉ፤ ይቀደዳል። በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) በቀስታ እጠቡ፣ ጀርም ገዳይ መጉመጥመጫውን ክሎርሄክሲዲን አዝዙ፣ በየሳምንቱ እዩት። ትንሽ ክፍተት ራሱ ይሞላል። መግል ካለ ግን ግራፍቱ ይውጣ። በላዩ ላይ ጄል መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

ከ2 እስከ 4 ቀን በኋላ ወደ ጆሮ የሚወጣ ሕመም፣ ባዶ ጉድጓድ

ጥርሱ ተነቅሎ ግራፍት ያልተደረገለት ከሆነ ድራይ ሶኬት ነው፤ የረጋው ደም ጠፍቶ አጥንቱ ተጋልጧል። እጠቡ፣ መድኃኒት ያለው ጎዝ አድርጉ፣ ማስታገሻ ስጡ። አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም።

«የውበት ቤቱ ጄል ይረክሳል»

ለከንፈር መሙያ የተሠራ ሲሪንጅ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፤ «ስሙ አንድ ነው» ብሎ ይከራከራል። ስሙ አንድ ነው፤ የተሠራው ግን ለቆዳ ነው። አጥንት ውስጥ አይገባም። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና የዋለ ሲሪንጅም አይግባ። የማስቀመጫው ሙቀት ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት።

ኤክስሬዩ ነጭ ነው፣ ድሪሉ ግን ይሰምጣል

የከብት አጥንት ብናኝ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጭ መሆኑ አዲስ አጥንት መብቀሉን አያሳይም። ኢምፕላንት (ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ከማስገባታችሁ በፊት ከ4 እስከ 6 ወር ጠብቁ። ታካሚው ሠርግ አለብኝ ቢልም።

አልፎ አልፎ

ለአጥንት መሳሳት ቢስፎስፎኔት የሚወስዱ ታካሚዎች ቁስላቸው ላይድን ይችላል። ከመንቀላችሁ በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዘው እንዲመጡ አድርጉ።