ፔንዱለም ስትለኩ፦ ክሩ የት ያበቃል? ቆጠራውስ ከየት ይጀምራል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ፔንዱለም የሠራሁ ቀን አንድ ዳዶ በ1 ሜትር ክር አንጠልጥዬ 20 ምልልስ ቆጠርኩ። 38 ሰከንድ ፈጀ፤ ለ20 ሲካፈል 1.9። መሆን የነበረበት 2 ሰከንድ ገደማ ነው። ስቶፕዎቹን (ሰከንድ የምለካበትን ሰዓት) ጠረጠርኩ፣ ክሩን ቀየርኩ፤ ያው 38። ለካስ ዳዶውን ስለቅ «አንድ» እያልኩ ነበር የምጀምረው፤ 20 ያልኩት 19 ምልልስ ነበር!

አሁን ስለቅ ምንም አልቆጥርም። ዳዶው ታች፣ መሃል ላይ ሲያልፍ «ዜሮ» ብዬ ስቶፕዎቹን እጫናለሁ፤ ሄዶ ተመልሶ በዚያው አቅጣጫ ሲያልፍ «አንድ»። ጫፍ ላይ ሲደርስ መቁጠር አይመከርም፤ እዚያ ስለሚዘገይ የቱ ቅጽበት ላይ እንደተመለሰ ዓይን አይለይም።

ክሩን ምስማር ላይ አትቋጥሩት፤ ሲወዛወዝ ምስማሩን እየታከከ ርዝመቱ ይለዋወጣል። እኔ በሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መሃል አስገብቼ አጥብቄ አስረዋለሁ። ርዝመት የምለው ከእንጨቶቹ የታችኛው ጠርዝ እስከ ዳዶው መሃል ያለውን ነው፤ እስከ ቋጠሮው ያለውን አይደለም። የ1 ሴንቲ ሜትር ስህተት በ1 ሜትር ክር ላይ የምልልሱን ጊዜ ስሌት የሚያዛባው በግማሽ በመቶ ነው፤ በ25 ሴንቲ ሜትር ላይ ግን 2 በመቶ።

ወደ ጎን ብዙ አትሳቡት። ለ1 ሜትር ክር 17 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም 10 ዲግሪ፣ ይበቃል። እስከ 60 ዲግሪ ከሳባችሁት ጊዜው በ7 በመቶ ገደማ ይረዝማል። ሳትገፉ ልቀቁት፤ ከተገፋ ይዞራል።

ከዚያ ርዝመቱን እየቀያየራችሁ ለኩ። በ25 ሴንቲ ሜትር 1 ሰከንድ፣ በ1 ሜትር 2 ሰከንድ ታገኛላችሁ፤ ጊዜው እጥፍ እንዲሆን ክሩ አራት እጥፍ መርዘም አለበት። በ50 ሴንቲ ሜትር ስንት ይሆናል ብዬ ስጠይቅ ብዙ ሰው 1.5 ይለኛል። 1.42 ነው፤ ጊዜው የሚከተለው የርዝመቱን ስኩዌር ሩት ነውና።

ክብደት ለውጥ ያመጣል ብሎ የሚከራከራችሁ ካለ ዳዶ ጨምሩለት። ግን ሁሉም እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ አንዱን ከአንዱ በታች ካንጠለጠላችሁ መሃላቸው ወደ ታች ይወርድና ጊዜው ይረዝማል፣ ሰውዬው ያሸነፈ ይመስለዋል።

የስበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዣን ሪሼ እ.ኤ.አ. በ1672 ከፓሪስ ተነስቶ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ወደሆነችው ካየን ሄዶ በፔንዱለም ሰዓት ሲሠራ፣ በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ወደ ኋላ እየቀረ አስቸገረው፤ ፔንዱለሙን ማሳጠር ነበረበት። ምድር ወገብ አካባቢ ስበት ደከም ይላል።

በመጨረሻ ግራፍ ሥሩ፦ ወደ ጎን ርዝመቱን በሜትር፣ ወደ ላይ የጊዜውን ስኩዌር። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። 39.5ን (ማለትም 4π²ን) ለመስመሩ ተዳፋት ብታካፍሉ 9.8 አካባቢ ታገኛላችሁ፤ የስበት ፍጥንጥነት ማለት ነው። መስመሩ በዜሮ ማለፍ ሲገባው ከዜሮ በላይ የሚቆርጥ ከሆነ፣ የለካችሁት እስከ ቋጠሮው ነው።