ዝናብን በሃይላንድ ጠርሙስ ለክቶ በደብተር የመመዝገብ ዘዴ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ ከማክሰኚት ብዙም በማይርቅ መንደር የምኖር የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ከእርሻው ሥራ በተረፈኝ ጊዜ ሁሉ የምወደው ነገር መለካትና መመዝገብ ነው፤ በቤታችን ያለው ውሻ ነብሮም፣ ድመቷም፣ ዶሮዎቹም በደብተሬ ውስጥ ስማቸው አለ። በአካባቢያችን ክረምት በገባ ቁጥር «ዘንድሮ ዝናቡ ከአምናው በዝቷል»፣ «የለም፣ አንሷል» የሚል ክርክር ይነሳል። ሰው አጥብቆ የሚያስታውሰው ጎርፍ ማሳውን የጠረገበትን ቀን ወይም ቡቃያው የጠወለገበትን ሳምንት በመሆኑ፣ ሁለቱም ወገኖች ያዩትን እየተናገሩ ሳይግባቡ ይለያያሉ። ክርክሩን የሚዳኘው በየጠዋቱ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ይህን ቁጥር ለማግኘት ደግሞ ከአንድ ባዶ ጠርሙስ፣ ከአንድ ስሪንጅና ከአንድ ደብተር በላይ አያስፈልግም።

ዝናብ በሚሊ ሜትር ሲነገር የሚገለጸው፣ የወረደው ውሃ ሳይሰርግ፣ ሳይፈስና ሳይተን በወደቀበት ቢቆይ መሬቱን የሚሸፍንበት ከፍታ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ሲሆን፣ በሩብ ሄክታር ማሳ ላይ ደግሞ 2,500 ሊትር ይሆናል። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ በኮሪያ በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1441፣ የዝናብ መለኪያ ተሠርቶ ነበር። ይህም ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ከመቆርቆራቸው ወደ 200 ዓመት ገደማ አስቀድሞ መሆኑን ለልጆቼ ስነግራቸው፣ የእኛ ጠርሙስ የረጅም ታሪክ ታናሽ ወንድም ሆኖ ይታያቸዋል።

ለመለኪያው ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይምረጡ፤ ጎኑ ለስላሳ የሆነ ከተገኘ ይሻላል። አንገቱ መጥበብ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብለው፣ ገና ሙሉ ስፋቱን እንደያዘ ባለበት ቦታ ዙሪያውን በስለታም ምላጭ ይቁረጡ። ክዳኑን አውጥተው የላይኛውን ቁራጭ በመገልበጥ ታችኛው ውስጥ ይክተቱትና ሁለቱ ጠርዞች በተገናኙበት ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉት። የተገለበጠው ቁራጭ ሁለት ጥቅም አለው፤ ዝናቡን ወደ ውስጥ ይመራል፣ ቀዳዳው ጠባብ በመሆኑም ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። ብዙዎች ይህን ቁራጭ ጥለው ክፍቱን ጠርሙስ ብቻ ያስቀምጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ የዘነበው እስከ ማግስቱ ጠዋት ሲቆይ ከውስጡ የሚጎድለው ቀላል ስላልሆነ ይህን አልመክርም።

ጠርሙሱን መሬት ላይ ማስቀመጥ የመጀመሪያው ዓመት ስህተቴ ነበር። አንድ ሌሊት ዶፍ ሲወርድ አድሮ፣ ጠዋት ስንለካ ያገኘነው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆነ። ልጄ ጎንበስ ብላ አየችውና «አባዬ፣ ጠርዙ ላይ የነብሮ ጠጉር አለ» አለችኝ። እውነትም ቡናማ ጠጉር ፕላስተሩ ላይ ተጣብቋል፤ የላይኛው ቁራጭ ወደ ጎን ተገፍቷል፤ ከጠርሙሱ ሥር ባለው ጭቃ ላይም የውሻው ኮቴ ታትሟል። ነብሮ ጠምቶት ከእኛ ቀድሞ ጠጥቶታል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መለኪያው የሚቀመጠው ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ያህል ከፍ ባለ የባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ነው። በቋሚው ጎን አንድ ባዶ ጣሳ በምስማር መትተው ጠርሙሱን በውስጡ ያቁሙት፤ የጠርሙሱ አፍ ከቋሚው ጫፍ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ አለዚያ እንጨቱን የመታው ጠብታ ተፈናጥሮ ይገባበታል። የቋሚውን ጫፍ አግድም ሳይሆን አዘንብለው ከቆረጡት ደግሞ ዶሮዎች ሊሰፍሩበት አይመቻቸውም። አህያና ጥጃ ጎናቸውን እንዳያሹበት ከሥሩ ጥቂት እሾህ መከመር ይበቃል።

ቦታው ሰማይ የሚታይበት ገላጣ መሆን አለበት። እንደ መመሪያ የምከተለው፣ በአቅራቢያው ካለው ቤት ወይም ዛፍ ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ መራቅን ነው፤ ቤቱ 4 ሜትር ከሆነ ቋሚው ከ8 ሜትር ባላነሰ ርቀት ይተከል። ውሽንፍር ሲመጣ ዝናቡ ተዘንብሎ ስለሚወርድ፣ በግድግዳ ሥር ያለ ጠርሙስ አንድ ቀን ባዶውን፣ ሌላ ቀን ደግሞ ከጣሪያ በሚንጠባጠብ ውሃ ሞልቶ ይገኛል።

አሁን ወደ ልኬቱ ልግባ። ማስመሪያ በጠርሙሱ ጎን ላይ ለጥፎ ማንበብ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የሃይላንድ ጠርሙስ ታቹ ጎድጓዳ፣ ወገቡም ብዙ ጊዜ ሸንተረር ያለበት በመሆኑ ማስመሪያው ያሳስታል። እኔ የምመርጠው ውሃውን ራሱን መስፈር ነው። በመጀመሪያ የጠርሙሱን አፍ ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በሴንቲ ሜትር ይለኩ። የእኔ 11 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ግማሹ 5.5፣ 5.5 በራሱ ሲባዛ 30.25፣ ይህም በ3.14 ሲባዛ ወደ 95 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ይህን ቁጥር በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ይጻፉት፤ ዓመቱን ሙሉ የሚያካፍሉት በእርሱ ነው። ከዚያ በየጠዋቱ ውሃውን ወደ ንጹሕ ኩባያ ገልብጠው፣ ከመድኃኒት ቤት በተገዛ መርፌ አልባ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ እየሳቡ ይስፈሩ። ለምሳሌ 13 ጊዜ ሙሉ ስሪንጅ ከሳቡ በኋላ 3 ሚሊ ሊትር ቢተርፍ፣ በጠቅላላው 133 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ 133 ለ95 ሲካፈል 1.4 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 14 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። ታናሹ ልጄ ስሪንጁን ይስባል፣ ታላቋ ትቆጥራለች፣ መካከለኛው ያካፍላል፤ የማካፈል ትምህርት እንዲህ ባለ ሥራ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚጸና በዓይኔ አይቻለሁ። በረዶ ከጣለ ደግሞ ሳይደፋ በጥላ ሥር አቅልጦ እንደ ውሃው መስፈር ነው።

ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንለካለን፤ ስለዚህ የሚገኘው ውሃ ከትናንት 3 ሰዓት እስከ ዛሬ 3 ሰዓት የዘነበው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል፤ በክረምት ዝናቡ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሚወርድ፣ ዛሬ የተለካው በእውነቱ የትናንት ዝናብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በለካንበት ቀን መጻፍም፣ ወደ ትናንቱ መመለስም ይቻላል፤ ዋናው አንዱን መርጦ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማስፈርና ዓመቱን ሙሉ አለመለወጥ ነው። ነጎድጓድ እያስገመገመ ከሆነ ግን ሰዓቱ ቢያልፍም ወደ ቋሚው አይሂዱ፤ በገላጣ ቦታ ላይ መብረቅ አደገኛ ነውና መዘግየቱን ጽፎ ቆይቶ መለካት ይገባል።

ደብተሩ ሦስት ዓምዶች ይበቁታል፤ ቀን፣ ሚሊ ሜትርና አስተያየት። ካልዘነበ 0 ይጻፉ፤ ካልተለካ ሰረዝ ያድርጉ። ባዶ የተተወ ቦታ ከሦስት ወር በኋላ ሲታይ ዝናብ አልነበረም ይሁን ወይስ ሰው ረስቶት፣ ማንም ሊለየው አይችልም። ጠርሙሱን ያረጠበ ግን ሊሰፈር ያልቻለ ካፊያ ከሆነ «ካ» ብለን እንጽፋለን። በአስተያየቱ ዓምድ ልጆቹ የፈለጉትን ይጽፋሉ፤ ነብሮ ነጎድጓድ ፈርቶ አልጋ ሥር የገባበት ሌሊት፣ የመጀመሪያዋ አደይ አበባ የፈነዳችበት ቀን፣ የመስቀል ወፍ የታየችበት ጠዋት። በእነዚህ መስመሮች ምክንያት ደብተሩ በልጆች ዘንድ ይወደዳል፤ ካልተወደደ ደግሞ ሐምሌ ሳይጋመስ ይቋረጣል።

ቁጥሩ ለቤት ሥራም ይውላል። የቆርቆሮ ጣሪያችን በመሬት ላይ የሚሸፍነው ቦታ 6 ሜትር በ7 ሜትር፣ ማለትም 42 ካሬ ሜትር ነው፤ የጣሪያው ተዳፋት ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ሲታይ የሚሸፍነው ስፋት ነው የሚለካው። በዚህ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 420 ሊትር ይወርዳል። ተፈናጥሮ የሚባክነውንና ከአሸንዳው ውጭ የሚያልፈውን አምስተኛ እጅ ያህል ብንቀንስ 336 ሊትር፣ ማለትም ወደ 17 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይተርፋል። ይህን ለባለቤቴ በወረቀት አስልቼ ካሳየኋት በኋላ ነው ለአሸንዳና ለበርሜል ገንዘብ ለማውጣት የተስማማነው፤ አሁን በክረምት ወደ ምንጭ የሚደረገው ምልልስ እጅግ ቀንሷል። በዋልካ መሬት ላይ ሽምብራ የሚዘራ ገበሬም፣ ሽምብራው የሚያድገው ክረምቱ በአፈሩ ውስጥ ትቶት በሚሄደው እርጥበት ስለሆነ፣ የነሐሴንና የመስከረምን ድምር ከአምናው ጋር ማነጻጸሩ ዘሩን መቼ እንደሚያስገባ ለመወሰን ይረዳዋል።

ፕላስቲኩ በፀሐይ ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር። እኛ የምንቀይረው በጳጉሜን፣ የዓመቱን ድምር በምንሠራበት ሰሞን ነው። አዲሱ ጠርሙስ ከአሮጌው በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ስለሚችል፣ አፉን እንደገና ለክተው አዲሱን ቁጥር ከተቀየረበት ቀን ጋር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፉ፤ አሮጌውን ግን አይሰርዙት፣ ያለፈው ዓመት ልኬት ሁሉ የተሠላው በእርሱ ነውና።