የሐምሌ 26ቱን የፀሐይ ግርዶሽ የት ሆነን እንየው?

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሰኞ ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት 2 ቀን 2027 ማለት ነው። የዚያን ዕለት ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ታልፋለች። ሙሉ ግርዶሹ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነስቶ በደቡብ ስፔንና በሞሮኮ ያልፋል። በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ ሉክሶር፣ በጅዳና በመካ፣ ከዚያም በየመን አድርጎ የሶማሊያን ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ነክቶ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወጣል። እኛ ከመስመሩ ውጭ ነን። የሚደርሰን ከፊሉ ነው። ግን ትንሽ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ እንኳ ከፀሐይዋ ፊት ከግማሽ በላይ ይሸፈናል።

ችግሩ ወሩ ነው። ሐምሌ!

እኔ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ሰማይን የማውቀው ከጋቢና ነው። በክረምት ዝናቡ የት ላይ እንደሚለቅቀን፣ ደመናው በስንት ሰዓት የትኛው ተራራ ላይ እንደሚቆለል በየጉዞው አየዋለሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይዋ እንደ ቀለበት የሆነች ጊዜ እኔ ሚሌ አካባቢ ነበርኩ። ከፊሉን አየሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይሄ ነገር ልቤን ይዞታል። ለ2019ኙ የት እንደምሄድ ከአሁኑ ወስኛለሁ፤ እንዴት እንደወሰንኩ ልንገራችሁ።

ፐርሰንቱን ሳይሆን ሰማዩን ተከተሉ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ፐርሰንት ይሸፈናል?» ብሎ ነው። መልሱ ቀላል ነው። ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በሄዳችሁ ቁጥር ይጨምራል። መቀሌ፣ ሰመራ፣ ድሬዳዋና ጅግጅጋ ከአዲስ አበባ የበለጠ ይሸፈናሉ። ጋምቤላ ደግሞ ከአዲስ አበባ ያንሳል።

ግን ቦታ ስትመርጡ ይሄን ቁጥር ሁለተኛ አድርጉት። ከፊል ግርዶሽ በዛም አነሰ ያው ከፊል ነው። ቀኑ አይጨልምም፣ ኮከብ አይወጣም። ብርሃኑ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ሙቀቱ ረገብ ይላል። ዓይን ስለሚለምደው መነጽር ያላደረገ ሰው ምንም ሳያውቅ ሊያልፈው ይችላል። መቀሌ ሄዳችሁ በደመና ስር ከመቀመጥ፣ ትንሽ ያነሰ ግርዶሽ በጠራ ሰማይ ማየት በብዙ ይሻላል። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ መቀሌ ሁሉም በዚያ ሳምንት የክረምቱ እምብርት ላይ ናቸው።

ሰዓቱም አያግዝም። ግርዶሹ የሚጀምረው ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ነው። ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥልቅ ይሆንና ወደ 9 ሰዓት ገደማ ያልቃል። የደጋውን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ፀሐይ ብቅ ትላለች፣ እኩለ ቀን ሲያልፍ ጥቁሩ ደመና ይመጣል። ልክ በዚያ ሰዓት።

ስለዚህ መውረድ ነው።

እኔ የመረጥኩት አዋሽ ሰባትን ነው

ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዳማ ድረስ በፈጣኑ መንገድ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ። ክረምት ላይ ከቢሾፍቱ ጀምሬ መጥረጊያ እያስነሳሁ እመጣና መተሐራ፣ በሰቃ ሐይቅ ጋ ስደርስ መስታወቱ ደርቆ አገኘዋለሁ። ሁልጊዜ አይደለም። እዚያም በሐምሌ ይዘንባል። ግን ከደጋው ያነሰ ነው፤ እኔ እንዳየሁት ብዙውን ጊዜ የሚመጣውም አመሻሽ ላይ፣ ከንፋስና ከአቧራ ጋር ነው።

አዋሽን የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ግን መንገዱ ስለሚከፈል ነው። በአንድ በኩል ወደ ገዋኔ፣ ሚሌና ሰመራ ይሄዳል። በሌላው በኩል ወደ ሚኤሶና ድሬዳዋ። ወደ ኋላም መተሐራ ቅርብ ነው። የጨርጨር ተራሮች ላይ ደመና ከተከመረ ወደ ገዋኔ ሜዳ እሸሻለሁ። በአፋር በኩል ከጠቆረ ወደ መተሐራ እመለሳለሁ። የክረምት ግርዶሽ የሚያይ ሰው አንድ ቦታ ላይ ሙጭጭ ማለት የለበትም፤ መውጫ መንገድ ያለው ቦታ ይምረጥ።

የመንገዱን ሰላም ግን በዚያው ሳምንት ጠይቁ። መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮችን ጠይቁ፣ እኛ አንዋሽም። መንገዱ ጥሩ ካልሆነ አዳማ ወይም መተሐራ ላይ ቅሩ።

ገንዘቡ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ አለ፤ ጎዴ። ሶማሌ ክልል፣ ዋቢ ሸበሌ ዳር። የእነሱ ዝናብ ሚያዝያና ጥቅምት አካባቢ ነው፤ ሐምሌ ደረቅና ነፋሻ ነው። ወደ ደቡብ ስለሚርቅ የሚሸፈነው መጠን ከአዲስ አበባው ብዙ አይለይም። የምትከፍሉት ለሰማዩ ነው። አውሮፕላን አለ። እኔ ቤተሰብ ይዤ ስለምሄድ አልቻልኩም እንጂ ብቻዬን ብሆን ጎዴ ነበር የምሄደው።

ተራራ አትውጡ

ጓደኞቼ ሁሉ «ፈንታሌ ላይ እንውጣ» ይሉኛል። አይሆንም። ክረምት ላይ ደመና የሚወለደው ተራራ ላይ ነው። ከፍታው ደግሞ አያስፈልግም፤ ፀሐይዋ በዚያ ሰዓት ከአናታችን ብዙም አትርቅም። ቤትም፣ ዛፍም፣ ጋራም አይጋርዳትም። በሐምሌ መጨረሻ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን አድርጋ ነው የምታልፈው። ግርዶሹ ጥልቅ በሚሆንበት ሰዓት ወደ ምዕራብ ጋደል ማለት ትጀምራለች።

ይሄ ሁለት ነገር ማለት ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም ገላጣ ሜዳ ይበቃል። ሁለተኛ፣ አንገታችሁ ይደክማል። ሰሌን ወይም ምንጣፍ ያዙና በጀርባችሁ ተኙ። ከሁለት ሰዓት በላይ ቀና ብሎ መቆም አይቻልም።

አጠገባችሁ ጥላ ይኑር። አዋሽ በዚያ ሰዓት ያቃጥላል። አምስት ደቂቃ አይታችሁ ግራር ስር ግቡ፣ ውሃ ጠጡ፣ እንደገና ውጡ። መኪናችሁን ከአስፋልቱ በደንብ አርቁ፤ በዚያ መንገድ የጫነ ተሳቢ ቶሎ አይቆምም፣ እኔ ነኝ የምላችሁ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ደግሞ በጭራሽ አታቁሙ። እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ሳይታሰብ ይደርሳል።

ቦታውን አስቀድማችሁ ፈትሹ። ከተቻለ ከግርዶሹ አንድ ዓመት ቀድማችሁ፣ በ2018 ሐምሌ መጨረሻ፣ በዚያው ሰዓት እዚያው ሂዱ። ፀሐይዋ ያንኑ ቦታ ላይ ናት። ደመናው ከየት እንደሚነሳ ጻፉት። እኔ ጋቢና ውስጥ ደብተር አለኝ፤ በ8 ሰዓት የት እንደነበርኩና ሰማዩ ምን እንደሚመስል እጽፋለሁ። ያ ካልተቻለ አንድ ቀን ቀድማችሁ እሁድ ድረሱ።

ዋዜማውን የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ትንበያ ተከታተሉ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ስልካችሁ ላይ የሳተላይት የደመና ምስል ክፈቱ። ከ4 ሰዓት በፊት አዋሽ ላይ ሁኑና ወዴት እንደምትሄዱ ወስኑ። ከ6 ሰዓት በኋላ መንዳት ይቅር። ሾፌሩም ማየት አለበት።

አንድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ፀሐይዋ ስትሸፈን መሬቱ ይቀዘቅዛል። ከመሬት በሚነሳ ሙቀት የሚፈጠሩት ትንንሽ ነጭ ደመናዎች ያኔ ይሳሳሉ። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ነጭ በነጭ ቢሆን ተስፋ ቆርጣችሁ አትሂዱ። ጥቁሩና ወፍራሙ ደመና ግን በዚህ አይበተንም።

ዓይን

ከፊል ግርዶሽ ያለ መከላከያ የሚታይበት አንድም ደቂቃ የለም። አንድም። ዓይን ውስጥ ሲቃጠል ሕመም ስለሌለው ሰው የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው።

የግርዶሽ መነጽር ስትገዙ አይኤስኦ (ISO) 12312-2 የሚል የደህንነት ደረጃ ጽሑፍ መኖሩን እዩ። አድርጋችሁት ከፀሐይ ሌላ ምንም መታየት የለበትም፤ የተጫረ ወይም የተበሳ ከሆነ ጣሉት። ጋራዥ ያለውን የብየዳ መስታወት በተመለከተ ሁሌ ይጠይቁኛል። የጥቁረት ቁጥሩን እዩ። 14 ከሆነ ጥሩ ነው። በያጆቻችን ብዙ ጊዜ የሚይዙት 10 ወይም 11 ነው፤ እሱ አይበቃም። የራጅ ፊልም፣ ጥቁር መነጽር፣ የመኪና ጥቁር መስታወት አይሆኑም። በሳፋ ውሃ ውስጥ ማየትም አይሆንም፤ ውሃው የሚመልሰው ፀሐይ ራሱ ዓይን ይጎዳል። በካሜራ ወይም በአቅራቢ መነጽር ፀሐይን ማየት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ የግርዶሽ መነጽር አድርጋችሁም ቢሆን አትሞክሩት።

ለልጆች የምመክረው የፓስታ ማጥለያ ነው። ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ማጥለያውን ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይያዙ፣ ስሩ ነጭ ወረቀት ይነጠፍ። እያንዳንዱ ቀዳዳ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን የተገመጠች ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ይጥላል። በማጥለያው ቀዳዳ ወደ ላይ እንዳያዩ ግን አጥብቃችሁ ንገሯቸው። ቅጠሉ የበዛ ዛፍ ስርም ይሄው ይታያል።

እኔ ደግሞ የራሴ ዘዴ አለኝ። ጣሪያው ዝጎ የተበሳ ባዶ ኮንቴይነር። በሩ ገርበብ ሲል ውስጡ ጨለማ ይሆናል፣ በቀዳዳው የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ሆኖ ያርፋል። ያ ክብ የፀሐይዋ ምስል ነው። ከጣሪያ እስከ ወለል ከሁለት ሜትር በላይ ስለሆነ ስፋቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ግርዶሹ ሲጀምር ክቡ ከአንድ ጎኑ እየተበላ ይሄዳል። ልጆቼን እዚያ ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው፣ በሩ ተከፍቶ አየር እየገባ።

ጅዳ ላላችሁ

ታናሽ እህቴ ጅዳ ናት። እሷ የትም መሄድ የለባትም። ስድስት ደቂቃ ያህል ሙሉ ግርዶሽ አናቷ ላይ ይመጣላታል፤ ሰዓታቸው ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት ተኩል፣ በእነሱ 1 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። የሕንፃው ጣሪያ ይበቃታል። መነጽሩን የምታወልቀው ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነች በኋላ ብቻ ነው። ከጫፉ ብርሃን ብልጭ እንዳለ መልሳ ታድርግ።

ሰኞ የሥራ ቀን ነው። ቤት ውስጥ የምትሠሩ እህቶች፣ ለማዳሟ ከአሁኑ ንገሯት። ለግማሽ ሰዓት ጣሪያ ላይ ልውጣ በሏት፣ ልጆቹንም ይዛችሁ ውጡ። መነጽር ለእነሱም ግዙ።