አሜሪካ ውስጥ መኪና ሲከራዩ ካልታሰበ ወጪ እንዴት መዳን ይቻላል?

ለሠርግ፣ ለምረቃ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚመጣ ሰው ስልኩ ላይ «በቀን 40 ዶላር» የሚል ዋጋ አይቶ መኪና ይይዛል፤ ሲመልስ የሚጠየቀው ግን የዚያን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ጭማሪው በአብዛኛው የሚመጣው ተከራዩ ራሱ ካውንተር ላይ ቆሞ ከፈረመባቸው፣ በየቀኑ ከሚቆጠሩ ትንንሽ ክፍያዎች ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ይህ በቀን ነው ወይስ በአንድ ጊዜ?» ብለው ይጠይቁ። የሕፃን መቀመጫ በቀን 13 ዶላር ቢባል ለሁለት ሳምንት 182 ዶላር ይሆናል፤ በዚህ ገንዘብ አዲስ ገዝቶ ሲመለሱ ለዘመድ ልጅ ትቶ መሄድ ይሻላል።

1. ከመያዝዎ በፊት የመጨረሻውን ድምር ያወዳድሩ

የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ ላይ ያዋለው የተደበቁ ክፍያዎች ደንብ የሚመለከተው የትርዒትና የውድድር መግቢያ ትኬቶችንና የአጭር ጊዜ ማረፊያዎችን ብቻ ስለሆነ፣ የመኪና አከራዮችን አያስገድድም። በመሆኑም በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚታየውን ዋጋ ትተው ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያ የተደመረበት ገጽ ላይ እስኪደርሱ ይቀጥሉ። የደለስና የሬገን አውሮፕላን ማረፊያዎች በሚገኙበት በቨርጂኒያ የመኪና ኪራይ ታክስ 10 በመቶ ሲሆን፣ በሜሪላንድ 11.5 በመቶ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ያሉ አከራዮች ለማረፊያው የሚከፍሉትን ድርሻም በተከራዩ ሒሳብ ላይ ይጨምራሉ። የሚቀበልዎ ዘመድ ካለና ኪራዩ ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከተማ ውስጥ ካለ ቅርንጫፍ መውሰድ ይህን ጭማሪ ያስቀራል፤ እንዲህ ያሉ ቅርንጫፎች ግን ብዙዎቹ እሑድ ዝግ ስለሆኑ የሥራ ሰዓታቸውን አስቀድመው ይመልከቱ።

2. የኢንሹራንሱን ነገር ቤትዎ ሆነው ይጨርሱ

ከረጅም በረራ በኋላ ከጀርባዎ ሰው ተሰልፎ የሚወሰን ነገር አይደለም። ሁለቱን የሽፋን ዓይነቶች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የተከራዩት መኪና ሲጎዳ ወይም ሲሰረቅ አከራዩ ከእርስዎ እንዳይጠይቅ የሚያደርገው ሲሆን፣ ውሉ ላይ ሲዲደብልዩ ወይም ኤልዲደብልዩ ይባላል። ሁለተኛው በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፍለው የሦስተኛ ወገን ሽፋን ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሚኖርና ለራሱ መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ሽፋኑ ለተከራየው መኪናም ያገለግለዋል፤ ይህንንም ለኢንሹራንሱ ደውሎ ማረጋገጥ ይችላል። በርካታ ክሬዲት ካርዶች ደግሞ በመኪናው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ይሸፍናሉ፤ ነገር ግን ኪራዩ በሙሉ በዚያው ካርድ መከፈል፣ ውሉም በካርዱ ባለቤት ስም መሆን ያለበት ከመሆኑም በላይ፣ አከራዩ የሚሸጠውን ሲዲደብልዩ የወሰደ ተከራይ የካርዱን ሽፋን ያጣል። የአክስት ልጅ ካርድ ተውሶ በራስ ስም መፈረም የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ካርዱ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት እንደማይከፍልም ልብ ይበሉ። ከኢትዮጵያ የመጣና አሜሪካ ውስጥ የራሱ ኢንሹራንስ የሌለው ተከራይ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ይህን ሽፋን እንዲተው አልመክርም፤ የአሜሪካን የሕክምና ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ይረዳዋል። የጉዞ ኢንሹራንስ ካለዎት ግን የግል አደጋና የሻንጣ ሽፋን እየተባለ የሚቀርብልዎትን ያለ ስጋት እምቢ ማለት ይችላሉ።

መኪናውን የያዙት በደላላ ድረ ገጽ ከሆነ፣ እዚያ የገዙት ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ እርስዎ መጀመሪያ ከከፈሉ በኋላ የሚተካ ነው። የካውንተሩ ሠራተኛ «ይህን እኛ አናውቀውም» ቢልዎት እውነቱን ነው፤ ደንግጠው ሁለተኛ አይግዙ።

3. የሚነዳውን ሰው ሁሉ ያስመዝግቡ

ለተጨማሪ ሾፌር በየቀኑ ይከፈላል፤ ብዙ አከራዮች ግን የትዳር ጓደኛን በነፃ ይመዘግባሉ። ከ25 ዓመት በታች የሆነ ሾፌር የዕድሜ ጭማሪ ስለሚጠየቅበት በዕድሜ የሚበልጠው ቢነዳ ይሻላል። በሠርግ ሰሞን «ቁልፉን አምጣው፣ እኔ አደርሳቸዋለሁ» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ያልተመዘገበ ሰው እየነዳ ቢጋጭ ግን የገዙት ሽፋን በሙሉ ዋጋ ሊያጣ ይችላል።

4. ከመውጣትዎ በፊት ቪዲዮ ይቅረጹ

የአውሮፕላን ማረፊያ ጋራዦች ብርሃናቸው ደካማ ስለሆነ የስልክዎን መብራት አብርተው መኪናውን ዙሪያውን ይቅረጹት፤ የጎማዎቹን ቸርኬ፣ የፊት መስታወቱን፣ የመከላከያውን የታችኛ ጠርዝ፣ በመጨረሻም ኪሎ ሜትሩንና የነዳጁን መጠን ያሳዩ። ጭረት ካገኙ በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ በጽሑፍ እንዲመዘግብልዎ ያድርጉ። ሲመልሱም እንዲሁ ይድገሙት።

5. የክፍያ መንገዶችን ይወቁ

በዚህ አካባቢ ሰው ሳያውቀው ገንዘብ የሚያወጣው በመንገድ ነው። ከደለስ ወደ ዲሲ የሚወስደው መንገድ መሐሉ ለአውሮፕላን ማረፊያው ተጠቃሚዎች ነፃ ሲሆን፣ ግራና ቀኙ የሚከፈልበት ነው። ነፃውን ይዘው ቢወጡም ቀጥሎ የሚገቡበት ኢንተርስቴት 66 በሥራ ቀናት ጠዋት ከ5:30 እስከ 9:30 ወደ ዲሲ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ3 እስከ 7 ከዲሲ ለሚወጣ ያስከፍላል፤ ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። ዋጋው እንደ መጨናነቁ ይለዋወጣል፤ ገንዘብ የሚቀበል ሰውም ሆነ መቀበያ የለም። ካሜራ ታርጋውን ያነሳል፣ ሒሳቡ ለአከራዩ ይሄዳል፣ አከራዩም የመንገዱን ዋጋ ከአገልግሎት ክፍያ ጋር ደምሮ ከካርድዎ ይቆርጣል። ይህ የአገልግሎት ክፍያ መንገዱን ለተጠቀሙበት ቀን ብቻ ነው ወይስ ለኪራዩ ቀናት በሙሉ የሚለውን መጠየቅ የግድ ነው።

መፍትሔው የራስዎን ወይም የዘመድዎን ኢዚፓስ፣ ማለትም መስታወት ላይ ተለጥፎ የመንገዱን ክፍያ ከአካውንት የሚያስቆርጠውን መሣሪያ፣ ይዞ መንዳት ነው። የተከራዩትን መኪና ታርጋ በአካውንቱ ላይ ያስመዝግቡ፣ በመለሱበት ዕለትም ያስወግዱት፤ አለዚያ የሚቀጥለውን ተከራይ መንገድ ይከፍላሉ። መስታወቱ ላይ የአከራዩ መሣሪያ ካለ መያዣው መዘጋቱን ያረጋግጡ። ኢዚፓስ ከሌለዎት የስልክዎ ካርታ የክፍያ መንገድን እንዲያስወግድ ያስተካክሉት።

6. ነዳጅ፣ ሰዓትና ጽዳት

በቅድሚያ የሚከፈል ሙሉ ታንክ ነዳጅ ርካሽ ቢመስልም የተረፈው ስለማይመለስ፣ ሞልተው ወስደው ሞልተው ይመልሱ፤ የማደያውንም ደረሰኝ ይያዙ። ኪራይ የሚቆጠረው በ24 ሰዓት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ካሳለፉ ተጨማሪ መክፈል ይጀምራሉ። በእኛ ሰዓት የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ ውሉ 4:00 ፒኤም ካለ መኪናው መመለስ ያለበት ከቀኑ በ10 ሰዓት ነው። ለድግስ ወጥ የጫኑበት የዕቃ መጫኛ ቅባት ከነካው ደግሞ ከመመለስዎ በፊት አስጠርገው ሽታውንም ያስለቅቁ፤ የጽዳት ክፍያው ከማጠቢያ ቤቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው።

7. ከመለሱ በኋላ

የተዘጋውን የመጨረሻ ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይሂዱ። ካርድዎ የኢትዮጵያ ከሆነና በብር ላስከፍልዎ ወይ የሚል ምርጫ ከቀረበልዎ ዶላሩን ይምረጡ። የመንገድ ክፍያ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ካርዱን ይከታተሉ። የጉዳት ክፍያ ከተጠየቁ የጥገናውን ደረሰኝና ፎቶግራፎቹን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መኪናው ሥራ ለፈታባቸው ቀናት ክፈል ከተባሉም የኪራይ መዝገቡን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ በወጣ ክሬዲት ካርድ ላይ ያልተገባ ክፍያ ካዩ፣ ስሕተቱ ያለበት የመጀመሪያ መግለጫ ከተላከበት ቀን አንስቶ በ60 ቀናት ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ ማመልከት ይችላሉ፤ ከማመልከቻው ጋር ቪዲዮውን፣ የነዳጁን ደረሰኝና የተዘጋውን ሒሳብ ያያይዙ።