ፕሮግራሚንግ የሚጀምር ሰው ከኮድ በፊት ሊለማመደው የሚገባ ነገር

ፕሮግራሚንግ ለመማር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው የትኛው የኮምፒዩተር ቋንቋ እንደሚሻል ነው። እኔ እስከማምነው ድረስ ግን ጀማሪውን የሚያግደው የቋንቋ ምርጫ አይደለም፤ ፓይተን የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ሕጎች ጠንቅቆ ያጠና ሰው እንኳ ባዶ ገጽ ፊት ተቀምጦ አንድ መስመር መጻፍ የሚያቅተው፣ መፍትሔውን በራሱ አንደበት ደረጃ በደረጃ መናገር ስለማይችል ነው። እንግሊዛዊቷ የሒሳብ ሊቅ አዳ ላቭሌስ እ.ኤ.አ. በ1843 ያሳተመችው የበርኑሊ ቁጥሮች (በሒሳብ የታወቁ ተከታታይ ቁጥሮች) ስሌት ቅደም ተከተል፣ የፈጠራ ሰው የነበረው ቻርልስ ባቤጅ አቅዶት ተሠርቶ ላላለቀ የስሌት ማሽን የታሰበ ነበር፤ ችግሩ የተፈታው በወረቀት ላይ ነው።

ስለዚህ እርስዎም በወረቀት ይጀምሩ። ከተሰጡ ቁጥሮች መካከል ትልቁን መፈለግ ለመጀመሪያ ልምምድ ተስማሚ ነው። 4፣ 9፣ 2፣ 7 ብለው ይጻፉ። ዓይን ዝርዝሩን በአንድ ጊዜ ስለሚቃኝ መልሱ ወዲያው ይታያል፤ እንዴት እንደተገኘ ግን አይታይም። ይህን ለማየት ዝርዝሩን በሌላ ወረቀት ሸፍነው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየገለጡ ያንብቡ። ያን ጊዜ እስካሁን ካዩት ሁሉ የሚበልጠውን አንድ ቁጥር ብቻ በአእምሮዎ እንደያዙ፣ የሚበልጠው ሲመጣም በእርሱ እንደሚተኩት ያስተውላሉ። በፕሮግራሚንግ ተለዋዋጭ የሚባለው ይህ የያዙት ነገር ነው።

ቀጥሎ መፍትሔው የሚከሽፍበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ይህ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምር ክፍል ነው። የሚይዙትን ቁጥር ከ0 ቢያስጀምሩና ዝርዝሩ -5፣ -2፣ -9 ቢሆን፣ መልስዎ በዝርዝሩ ውስጥ ፈጽሞ የሌለው 0 ይሆናል። መነሻው የዝርዝሩ የመጀመሪያ ቁጥር ሲሆን ስሕተቱ ይወገዳል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነስ? ይህም አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ወደ ኮድ፣ ማለትም መፍትሔውን በኮምፒዩተር ቋንቋ ወደ መጻፍ፣ የሚኬደው ከዚህ በኋላ ነው። ቅንፍ ሳይዘጋ ቢቀር ኮምፒዩተሩ ራሱ ያመለክትዎታል፤ ከ0 እንደመጀመር ያለውን የአስተሳሰብ ስሕተት ግን አይነግርዎትም፣ የተሳሳተውን መልስ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያወጣዋል።

ፕሮግራሚንግን ማንም ሰው ሊማረው ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ ፍጥነቱ ከሰው ሰው ቢለያይም አንድን ሥራ በትዕግሥት ዘርዝሮ ማስረዳት የሚችል ሁሉ መሠረቱን ይማረዋል ብዬ አምናለሁ። ለጅማሬው ከመደመር፣ ከመቀነስና ከማነጻጸር ያለፈ ሒሳብ እምብዛም አያስፈልግም።

በማግስቱ በዚያው መንገድ ሁለተኛውን ትልቅ ቁጥር ይፈልጉ። ዝርዝሩ 9፣ 4፣ 9 ሲሆን መልሱ 9 ነው ወይስ 4? ኮዱን ከመንካትዎ በፊት ውሳኔዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።